በሐዘንና በጭንቅ ላለ ጉባኤ ምን ይዘመር? በምንስ ይጀመር?

ወለተ ሐና

ሰላመ እግዚአብሔር ከሁላችሁ ጋር ይሁን። ባሕር ዳር፣ ሐይቁ ዳር ካሉት አጥቢያዎች በአንዱ ሰንበት ትምህርት ቤት ዓርብ ዓርብ ከ10 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት ተኩል የመዝሙር መርሐ ግብር እናካሂዳለን። ከ35 እስከ 40 ሰው ይመጣል። ሐዘን ላይ ያሉ እናቶች አሉ። ከቀያቸው ተፈናቅለው ዘመድ ቤት የተጠጉ ቤተሰቦች አሉ። የጀልባውና የአስጎብኚነቱ ሥራ ቀዝቅዞባቸው የተቀመጡ ወጣቶችም አሉ።

የምንዘምራቸው መዝሙሮች ጥሩ ናቸው፤ ሰዉ ግን አብሮ አይዘምርም። በከበሮና በጭብጨባ ስንጀምር ነጠላቸውን ያዘቀዘቁት እናቶች አንገታቸውን ደፍተው ይቀመጣሉ፣ አንዳንዶቹ በመሃል ይወጣሉ። በገና አለን፤ ግን ከሰኔ ጀምሮ ቅኝቱ አልጸና ብሏል። መብራትም ይጠፋል። የምጠይቃችሁ፦ በምን እንጀምር? ተራው እንዴት ይሁን? በገናውንስ ምን እናድርገው? «ጸልዩ» ማለቱን አውቀዋለሁና እባካችሁ ዝርዝር ንገሩኝ።

የድጓ ቤት

ልጄ ወለተ ሐና፣ መዝሙሮቻችሁ ምንም አላጠፉም፤ የተዛባው ተራው ነው። ልቅሶ ቤት የገባ ሰው አስቀድሞ ያለቅሳል፣ ከዚያ ይቀመጣል፣ ከዚያ ነው የሚያጽናናው። እናንተ ከመጨረሻው ጀመራችሁ።

ዳዊት ይህን ሥርዓት አሳምሮ ያውቀዋል። መዝሙር 12ን (በአዲሱ መደበኛ ትርጉም 13ን) ክፈቺ። «እስከ መቼ» የሚለው ጥያቄ 4 ጊዜ ይመላለሳል፣ ልመና ይከተላል፣ መዝጊያው ምስጋና ነው። አንድ ገጽ በማይሞላ ጸሎት ሰውየው ከጥያቄ ተነሥቶ ምስጋና ላይ ደረሰ። ጥያቄውን ዘሎ ግን አልሄደም።

ዓርብ መሆኑ ደግሞ ጠቅሟችኋል። ዳዊት 150ው መዝሙር በ15 ንጉሥ ይከፈላል፤ አንዱ ንጉሥ 10 መዝሙር ነው። ለሳምንቱ ሲደለደል ሰኞ ከ1 እስከ 30፣ ማክሰኞ ከ31 እስከ 60፣ ረቡዕ ከ61 እስከ 80፣ ሐሙስ ከ81 እስከ 110፣ ዓርብ ከ111 እስከ 130፣ ቅዳሜ ከ131 እስከ 150 ይደርሳል፤ እሑድ ጸሎተ ነቢያትና መኃልየ መኃልይ ነው። የምትፈልጊው ሁሉ በዓርቡ ድርሻ ውስጥ ተቀምጧል። 129ኛው ከጥልቅ ወደ እግዚአብሔር ይጮኻል። 120ኛው ዓይኑን ወደ ተራሮች ያነሣል፣ ረዳቱ ከወዴት እንደሚመጣ ጠይቆ ይመልሳል። 125ኛው በእንባ ስለሚዘሩና በደስታ ስለሚያጭዱ ይናገራል። በዚህ ተራ አድርጉት፤ መጀመሪያ 129፣ ቀጥሎ 120፣ መጨረሻ 125። ሦስቱም አጫጭር ናቸው፣ ከ8 ቁጥር አያልፉም።

ቁጥሩን ተጠንቀቁ። ይህ የግዕዙ ዳዊት ቁጥር ነው። አዲሱ መደበኛ ትርጉም የዕብራይስጡን ቁጥር ስለሚከተል 129 የሚለው እዚያ 130 ነው፣ 120ውም 121፣ 125ቱም 126። አንዱ ወገን ሌላ መዝሙር ገልጦ ሲያነብ ጉባኤው ይበተናል፤ ብዙ ጊዜ የሚሆነው ይሄው ነው። ሦስቱን በእጅ ጽፋችሁ አባዝታችሁ አድሉ።

አባባሉ እንዲህ ይሁን። ጉባኤውን ግራና ቀኝ ክፈሉት። ቀኙ አንዱን ቁጥር ይላል፣ ግራው ቀጣዩን ይቀበላል። በግዕዝ ዜማ ማለት የሚችል ካላችሁ መልካም፤ ከሌለ በአማርኛው በንባብ፣ በአንድ ድምፅ፣ ሳትቸኩሉ። በአንድ ትንፋሽ አንድ ሐረግ። ሐረጉ ሲያልቅ ትንፋሽ ተስቦ እስኪገባ ዝም ይባላል፤ ዝምታውን የሚጠብቀው መሪው ነው። መሪው ቁጥሩ ሳያልቅ ቀጣዩን ካነሣ እናቶቹ ከኋላው ይቀራሉ፣ ሁለተኛ አይከተሉትም። በግራ ቀኝ ሲባል ሌላም ጥቅም አለው፤ አንዲት እናት ሳግ ይዟት ብታቆም ወገኖቿ ይቀጥላሉ፣ እሷም በሚቀጥለው ቁጥር ትገባለች። ማልቀሷ መርሐ ግብሩን አላቆመውም፣ መርሐ ግብሩም ልቅሶዋን አላቆመባትም።

አውታር

መሪጌታ፣ ቃለ ሕይወት ያሰማልን። እኔ ስለ በገናው ልበል።

ሐይቅ ዳር በክረምት በገናን የሚያስቸግረው እርጥበት ነው። በገበቴው፣ ማለት በድምፅ ሳጥኑ ላይ የተወጠረው ቆዳ እርጥበት ሲጠጣ ይላላል፤ ቆዳው ሲላላ አውታሮቹ የሚያርፉበት ብርኩማ ወደ ውስጥ ይቀመጣል፣ ሁሉም አውታር አብሮ ይዋልላል። የበግ አንጀት አውታርም በበኩሉ እርጥበት ይስባል፣ ያብጣል። አንዱን አጥብቀሽ ወደ ሌላው ስትሄጂ የመጀመሪያው ተለውጦ ትደርሺበታለሽ። በመጋቢት ፀሐይ ደግሞ ተገላቢጦሽ ነው፤ ቆዳው ይወጠራል፣ የደረቀ አንጀት ከቀንበሩ ጋር በሚታሰርበት ቦታ ይበጠሳል።

አቀማመጡን አስተካክሉ። ሲሚንቶ ግድግዳ ላይ አታስደግፉት፣ ወለል ላይም አታስተኙት። ጥጥ ጨርቅ አልብሳችሁ ከውስጠኛው ግድግዳ ላይ፣ ከመሬት ከአንድ ሜትር በላይ ስቀሉት። ላስቲክ አታልብሱት፤ እርጥበቱን አፍኖ ይይዘዋል። ስታስቀምጡት አውታሮቹን ትንሽ ብቻ አላሉ። ጨርሶ ካላላችሁ ብርኩማው ይወድቃል፣ እንዚራዎቹም፣ ከአውታሮቹ ሥር የሚገቡት ትናንሽ ቆዳዎች፣ ይበተናሉ፤ ያኔ ሥራው እንደ አዲስ ነው።

በዕለቱ ከመርሐ ግብሩ አንድ ሰዓት ቀድማችሁ የሚደረደርበት ክፍል አስገቡት፣ አየሩን ይልመድ። ቆዳው ከላላ ለ20 ደቂቃ ያህል የጠዋት ፀሐይ ወይም ከከሰል ምድጃ ሁለት ክንድ ርቀት ላይ ሙቀት ይበቃዋል። ወደ እሳቱ ያስጠጋ ሰው ቆዳውን ይሰነጥቀዋል፣ ያ ደግሞ አይጠገንም። ከዚያ ቃኙ፣ 10 ደቂቃ ደርድሩ፣ ደግማችሁ ቃኙ። የመጀመሪያው ቅኝት እንደማይጸና ዐውቃችሁ ግቡ።

ሌላው እንዚራ ነው። ብዙ ጀማሪ ቅኝቱ ተበላሸ ብሎ መቃኛ ሲያሽከረክር የሚውለው በእንዚራው ነገር ነው። ከአውታሩና ከብርኩማው መሃል የምትገባዋ ትንሽ ቆዳ ናት ያንን የሚነዝር፣ ሆድ የሚያባባ ድምፅ የምትሰጠው። ወደ ውስጥ ከበዛች ድምፁ ይታፈናል፣ ጣውላ እንደመምታት ይሆናል። ከጠበበች ደግሞ አውታሩ ባዶውን ይጮኻል። በጥፍር ጫፍ ጥቂት ጥቂት እየሳባችሁ፣ አንዱን አውታር እየነካችሁ ስሙ። ንዝረቱ ከጣት ከተነሣ በኋላም የሚቆይበት ቦታ አለ፤ እዚያ ላይ ተዉት። እርጥብ ቆዳ ስለሚለሰልስ በክረምት ይህን በየሳምንቱ ማድረግ ያስፈልጋል። የለሰለሰችውን አውጥታችሁ በደረቅ ቆዳ ለውጡ፤ መቀስና ከጫማ የተረፈ ስስ ቆዳ ይበቃል።

10 አውታር አለ ብላችሁ አትጨነቁ። በጣት የሚደረድር አብዛኛው ሰው 5 ወይም 6ቱን ብቻ ይጠቀማል፣ የቀሩት ለጣት ማረፊያ ናቸው። ሰዓት ካጠረ የሚነኩትን አስቀድማችሁ ቃኙ።

አቤኔዘር

ወገኖቼ፣ አሳቡን አከብራለሁ፤ ግን ቅር ያለኝ አለ። ሰዉ ሳምንቱን ሙሉ ሲያዝን ከርሞ ይመጣል። በ129 ጀምረን በበገና ስናስለቅሰው የባሰ አይሰምጥም? ጳውሎስና ሲላስ እኮ በወህኒ ውስጥ ዘመሩ እንጂ አላለቀሱም። ክርስቲያን የትንሣኤ ልጅ ነው። ለምን በእልልታ አንጀምርም?

የድጓ ቤት

ልጄ አቤኔዘር፣ ጥሩ ጠየቅህ። ሐዋርያት ሥራ 16ን ከፍ ብለህ ከ22 ጀምረህ አንብብ። በበትር ተደብድበዋል፣ እግራቸው በግንድ ተጠርቋል፤ ሰዓቱ እኩለ ሌሊት ነው። ቃሉም መጀመሪያ «ይጸልዩ» ነው የሚለው፣ ዝማሬው ከጸሎቱ ጋር ነው። ቁስላቸውን ማንም አላስካዳቸውም።

እልልታው ይመጣል፤ በ125 ላይ ቦታ አለው። የፈራኸው ነገር ግን እውነትነት አለውና ልመልስልህ። ሐዘን የሚያሰምጠው በጩኸቱ ላይ ሲቀር ነው። ስለዚህ 129ን ብለው ብቻ አይበተኑ፣ አንድ ሰዓት ሙሉም የንስሐና የልቅሶ መዝሙር አይደርድሩ። ለልቅሶው ከጠቅላላው ሲሶ ይበቃዋል። ከ90 ደቂቃው 30ው ማለት ነው። የቀረው ለመታመንና ለምስጋና ይሁን።

በዚያው መጽሐፍ ውስጥ ግን 87ኛው መዝሙር አለ። ጨለማ ብሎ ያበቃል፣ ምስጋና የለውም። አባቶች አልቆረጡትም፣ መዝጊያ አልጨመሩለትም፤ በሐሙስ ድርሻ ውስጥ እንዳለ ይደገማል። አስከሬን ቀብራ አሥር ቀን ያልሞላት እናት ብትመጣ ወደ 125 አታጣድፏት። ጎኗ ተቀምጦ ይህን የሚያነብላት አንድ ሰው ይበቃል።

የሦስቱን ዜማዎች ነገርም አስቡበት። ከቅዱስ ያሬድ ዜማዎች ግዕዝ የሚባለው (ቋንቋው ሳይሆን የዜማው ስልት) ጽኑና ቀጥ ያለ ነው፣ ዕዝሉ ለስለስ ይላል፣ አራራዩ ስሙ እንደሚለው ያራራል። በአማርኛ የምትዘምሯቸው ያሬዳዊ መዝሙሮች ከእነዚህ የአንዱ ጠባይ አላቸው። ሁሉንም አራራይ አራራዩን ከመረጣችሁ አቤኔዘር የፈራው ይደርሳል። በግዕዝ ጠባይ ያለ፣ እንደ ምሰሶ የሚቆም አንድ መዝሙር መሃል ላይ አግቡ።

ሐይቅ ማዶ

ከበሮውን በተመለከተ አጭር ነገር። ዐቢይ ጾም ሲገባ ጥያቄው በራሱ ይፈታል፤ በ55ቱ ቀን ከበሮና ጸናጽል ዝም ይላሉ፣ በመቋሚያ ብቻ ነው የሚባለው። በዚያ ወቅት በገናው ቤቱ ነው።

ከጾም ውጭ ግን ከበሮውን አትጣሉት። ጠፍሩ የጌታ ግርፋት ሰንበር ምሳሌ መሆኑን ለልጆቹ ንገሯቸው። የደስታ መሣሪያ ብለን የምናየው ነገር የሕማማት ምልክት በላዩ ታስሮበታል። በለስላሳው፣ በመዳፍ ጫፍ፣ ሰው ሲራመድ ባለው ፍጥነት ቢመታ ያዘነውን አይገፋውም። ያስቸገራችሁ ከበሮው ሳይሆን ፍጥነቱ ይመስለኛል።

በክረምት የከበሮውም ቆዳ ይላላል፣ ድምፁ እንደ እርጥብ ካርቶን ይሆናል። እንደ በገናው ፀሐይ ላይ ጥቂት ቆይቶ ቢገባ ይስተካከላል።

ወለተ ሐና

መሪጌታ፣ እግዚአብሔር ያክብርልን፤ የዓርቡ ነገር እንዲህ መሆኑን አላስተዋልነውም ነበር። አውታር፣ እንዚራዋን ዛሬውኑ እናያታለን።

ሁለት ጥያቄ ልጨምር። አንደኛ፣ ሰዉ ያልሠለጠነ ነው፤ እኛ በለመድነው ከፍታ ስናነሣው አይደርስበትም። ሁለተኛ፣ ከተፈናቀሉት ቤተሰቦች ከ5 እስከ 12 ዓመት የሚሆኑ ልጆች ይመጣሉ። ለእነሱ ምን እናድርግ?

የመዘምራን አሠልጣኝ

ሰላም እህቴ። እኔ ከወንጌል አማኞች ወገን ነኝ፤ ብትፈቅዱልኝ ስለ ድምፁ ልናገር፣ ይህ ጉዳይ ለሁላችንም አንድ ነውና።

ያለቀሰ ጉሮሮ ይጠባል። ሰው ሲያዝን ከፍ ያለው ድምፅ ነው መጀመሪያ የሚጠፋው፣ ትንፋሹም ያጥራል። ዘማሪዎቹ በሚመቻቸው ከፍታ ሲያነሡት ጉባኤው ከመዘመር ወደ ማዳመጥ ይገባል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ የመዝሙሩን ከፍተኛ ቦታ ፈልጉ፣ ብዙ ጊዜ አዝማቹ መጨረሻ ላይ ነው። ከእናቶቹ አንዷን ያንን ቦታ ብቻ ቀስ ብላ እንድትለው ጠይቁ። አንገቷን ካቀናች ወይም ድምፅዋ ከሳሳ ከፍ ብሏል። ኪቦርድ ካላችሁ ሁለት ግማሽ ድምፅ ዝቅ አድርጉ፣ ካልበቃ ሦስት። ኪቦርድ ከሌለ መነሻ የሚሰጠው ሰው አንድ ይሁን፤ ሁልጊዜ ከዚያው ከበገናው አውታር ላይ ይነሣ። ሰው ሲረበሽ ሳይታወቀው ከፍ አድርጎ ነው የሚያነሣው።

መዝሙሩን ስትመርጡ ግጥሙን በእጅ ጻፉትና ቁጠሩ። አዝማቹ ከሁለት መስመር ካልበለጠ፣ እያንዳንዱ መስመር በአንድ ትንፋሽ ካለቀ፣ ወረቀት የሌለውም ሰው በሁለተኛው ዙር ይይዘዋል። በአንድ ዓርብ አንድ አዲስ መዝሙር ብቻ አስገቡ፣ ለአራት ሳምንት ድገሙት። ሰው ቤቱ ሆኖ በጨለማ የሚያወጣው የሸመደደውን ነው፤ ስልክ ላይ ያለው መዝሙር ባትሪው ሲያልቅ ያልቃል።

ስለ መብራቱም፦ ድምፅ ማጉያውን ለ40 ሰው አታስፈልጉት። ወንበሩን ከረድፍ ወደ ክብ ለውጡ። ክቡ ከዳር እስከ ዳር ከ7 ሜትር ካልበለጠ አንድ ሰው ሲያነሣ ሁሉም ይሰማል። ማጉያ የለመደ ጉባኤ መብራት ሲጠፋ ዝም ይላል፤ ያለ ማጉያ የጀመረ መብራት መጥፋቱን ላያስተውለው ይችላል።

አውታር

የወንድማችንን አሳብ ልደግፍ። በገና በባሕርዩ ዝቅተኛ ድምፅ ነው፣ ለብዙ ሰው የተሠራም አይደለም። ደርዳሪው ክቡ መሃል፣ አጭር መቀመጫ ላይ ይሁን፣ ገበቴው ወደ እናቶቹ ይዙር። ማጉያ የግድ ከሆነ ማይኩን ከገበቴው አንድ ስንዝር አርቁ፣ ወደ አውታሩ ሳይሆን ወደ ቆዳው አዙሩት፣ ወፍራሙን ድምፅ ቀንሱ። ያለዚያ የእንዚራው ንዝረት ጠፍቶ ጉምጉምታ ብቻ ይቀራል።

ከመጀመሪያው መዝሙር በፊት ያለ ቃል ሦስት ደቂቃ ይደርደር። ሰው ገብቶ፣ ተቀምጦ፣ ትንፋሹን የሚሰበስበው በዚያች ሦስት ደቂቃ ነው። ሳኦል ሲጨነቅ ዳዊት በገና ሲደረድርለት ያርፍ ነበር ይላል 1ኛ ሳሙኤል 16፤ እዚያ ላይ ዳዊት ምን ብሎ እንደዘመረ አልተጻፈም።

የድጓ ቤት

ስለ ልጆቹ። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ያለውን 40 ቀን አትዝለሉት። ጽጌ ነው። እመቤታችን ልጇን አቅፋ ከሄሮድስ ሸሽታ ግብፅ የተሰደደችበት ይታሰባል፣ ማኅሌተ ጽጌና ሰቆቃወ ድንግል በእሑድ ሌሊቶቹ ይደርሳል። ሌሊት የቆመ ሁሉ ያውቀዋል፤ ቀን ግን ለልጆች የሚነግራቸው የለም። ቀዬውን ጥሎ ለመጣ ልጅ ጌታ ራሱ በሕፃንነቱ ስደተኛ እንደነበረ መስማት ትልቅ ነገር ነው። እኛ ዘንድ ደግሞ ቅርብ ነው። በትውፊታችን እናትና ልጅ ጣና ቂርቆስ ላይ 3 ወር ከ10 ቀን ተቀምጠዋል። ልጆቹን ሐይቁ ዳር አውጥታችሁ ወደ ምሥራቁ ዳርቻ አመልክቷቸው፣ ከዚያ መዝሙሩን አስጠኗቸው። አበባ ይዘው ይዘምሩ፤ ወቅቱ ሜዳው ሁሉ አደይ ነው።

ትምህርት ለከበዳቸው ማይ ኪራሕ በሚባል ቦታ የሆነውን የቅዱስ ያሬድን ታሪክ ንገሯቸው። ያሬድ ትምህርት አልገባው ብሎ ተገርፎ ሸሽቶ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ሳለ፣ አንዲት ትል ግንዱን ስትወጣ እየወደቀች፣ ስድስት ጊዜ ወድቃ በሰባተኛው ፍሬው ጋ ስትደርስ አየ። ለ7 ዓመት ልጅ ሌላ ስብከት አያስፈልገውም። አንዱ ትል፣ አንዱ ዛፍ ሆኖ እንዲሠሩት አድርጉ፤ ሁሉም ትል መሆን ስለሚፈልግ ተራ አስይዟቸው።

ለሞቱት መታሰቢያ ስትሉ ደግሞ ከመዋሥዕት የሚያውቅ ካህን ለምኑ። የሙታን ጸሎት ዜማ ነው። የመዋሥዕት መምህራን የሚመሰከሩበት ዙር አባ፣ የድጓውም (የያሬድ የዜማ መጽሐፍ) መመስከሪያ ቤተልሔም፣ ሁለቱም ከጣና በስተ ምሥራቅ ጋይንት ናቸው፤ ከዚያ ተመስክረው የመጡ መምህራን በባሕር ዳር አጥቢያዎች አይታጡም። የሟቾቹን የክርስትና ስም አስቀድማችሁ ጽፋችሁ ስጧቸው፣ በመሃል ስም ፍለጋ እንዳይገባ።

ሐይቅ ማዶ

አንድ ነገር ደግሞ ሳይረሳ። መዝሙሩ የማያነሣው ሰው ይኖራል። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ እንቅልፍ ያጣ፣ ምግብ የተወ፣ ከሰው የሸሸ፣ «ብሞት ይሻለኛል» የሚል ሲያጋጥማችሁ «እምነትህ ጎድሎ ነው» አትበሉት። ንስሐ አባቱ ይወቁት፣ ሐኪም ቤትም የአእምሮ ሕክምና ክፍል ይታይ። ሞትን የሚያነሣውን ለዚያች ሌሊት ብቻውን አታሳድሩት። ከመዘምራኑ ሁለት ሰው፣ አንድ ወንድና አንድ ሴት፣ ሳይዘምሩ በር አጠገብ ቢቀመጡ በመሃል የሚወጣውን ይከተሉታል። ወለተ ሐና መጀመሪያ ላይ «ይወጣሉ» ያለቻቸው እናቶች ማን ተከትሏቸው ወጣ?

ወለተ ሐና

ማንም። ይህን ከዚህ ዓርብ እናስተካክላለን።

እንዲህ አድርገን ጽፈነዋል፣ የጎደለ ካለ ንገሩን። 10 ሰዓት ላይ በክብ መቀመጥ፣ ያለ ቃል በገና 3 ደቂቃ። 129 በግራ ቀኝ ሁለት ጊዜ፣ አንድ የንስሐ መዝሙር፣ ከዚያ ዝምታ። 10 ሰዓት ተኩል ላይ 120፣ በግዕዝ ጠባይ ያለውን አንዱን መዝሙር፣ አዲሱን መዝሙር መለማመድ። የ15 ደቂቃ ቃለ እግዚአብሔር። 11 ከሩብ ላይ 125፣ ከበሮው በቀስታ ገብቶ ምስጋና፣ እልልታም እዚያ። በር ላይ ሁለት ሰው። ሦስቱ መዝሙረ ዳዊት በትልልቅ ፊደል በ20 ወረቀት ይጻፋል፣ ለሁለት ሰው አንድ።

አውታር፣ ከአውታሮቹ አንዱ ጫፉ ፈትሏል። ከመበጠሱ በፊት መቀየር አለብን ወይስ ዓርብን ያደርሰናል?

አውታር

የፈተለው ከብርኩማው በኩል ከሆነ አያደርሳችሁም፣ ዛሬ ቀይሩት። ከመቃኛው በኩል ከሆነ አንድ ዙር ፈትታችሁ የፈተለውን ቆርጣችሁ እንደገና እሰሩት፣ ርዝመቱ ይበቃል። አዲስ አንጀት ካሠራችሁ ከሁለት ቀን በፊት ግጠሙት፤ መጀመሪያ ላይ ይለጠጣል፣ በየጥቂት ሰዓቱ ማጥበቅ ይፈልጋል። የቱ አውታር ነው?